ልሄድ ነው

ከላንድሮቨሬ ሳልወርድ የእርሻው ኃላፊ ጓድ ፈንቴ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር «መቶ አለቃ፣ ውሃው ይጠጣል?» የሚል ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ያ ጥያቄ ትዝ ሲለኝ ዛሬም እንትፍ እንትፍ ያሰኘኛል። ሬሳው ከውሃው ከወጣ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፤ ጨርቅ የጣለበት የለም። ጭቃው ላይ እንደተንጋለለ ዝንብ ወሮታል። ሐፊር የምንለው የዝናብ ውሃ እንዲጠራቀም በግሬደር የተቆፈረ ኩሬ ነው፤ ስሙን ከሱዳኖች ወስደን የራሳችን አድርገነዋል። የቁጥር ሦስት እርሻ ሦስት መቶ ሠራተኛ የሚጠጣው ከዚያው ነው። ሬሳው ከወጣበት አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ተጎንብሶ በርሜል ይሞላ ነበር።

«መጀመሪያ ሰውየውን ሸፍኑት» አልኩ።

«እሱማ አንዴ ሞቷል። እኔ የምጠይቅህ ስላሉት ነው» አለ ፈንቴ።

ጥቅምት 1977 ዓመተ ምሕረት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሰሊጥ አጨዳው የጋለበት ሳምንት ነው። እኔ ያኔ ሸሕዲ የምሠራ የፖሊስ መርማሪ ነበርኩ። ማሩ እባላለሁ፤ የሳንጃ ልጅ ነኝ። ቆላ ተወልጄ ቆላ ስላደግሁ ሙቀቱም ዝንቡም አይገርመኝም። የሚያቅለሸልሸኝ የሰው ነገር ነው።

ሟቹ ሷሊህ ይባላል፤ ከወሎ ለአጨዳ የመጣ፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ራሱን በእጄ ዳበስኩት፣ አንገቱንም አየሁ፤ ቁስልም እብጠትም የለውም። እግሩ ባዶ ነው። የግራ አንጓው ላይ ፀሐይ ያላገኘው ቆዳ ቀለበት ሠርቶ ይታያል፤ ሰዓት ያስር ነበር ማለት ነው፣ ሰዓቱ ግን የለም። አንድ ሌላ ነገርም ገረመኝ። የሰሊጥ አጫጅ ልብስ በቅጠሉ ወዝ ይጠቁራል፤ የሷሊህ ሸሚዝ አንገትጌው ሳይቀር በሳሙና የታሸ ነበር።

የእግር ዱካ ፈለግሁ። ፈንቴ ሬሳውን ለማውጣት አርባ ሰው ጠርቶ ዳሩን እንደ አውድማ አስረግጦታል።

ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ረጅም የሣር ዳስ ገባሁ። የሷሊህ መኝታ ላይ አንድ ሰሌን ብቻ ተነጥፏል። ብርድ ልብስ የለ፣ ጫማ የለ፣ ማጭድ የለ። ለመርማሪ ይህ ቀላል ሂሳብ ነው፤ ዘርፈው ገድለውታል ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ያን ቀን ከጻፍኩት ሁሉ ትክክሉ የሰውየው ስም ብቻ ነበር።

ዳሱን ፈተሽን። ብርድ ልብሱን አንድ የበለሳ ሽማግሌ ደርቦት ተገኘ። ሸራ ጫማው የአንድ ትራክተር ነጂ እግር ላይ ነው። ከየት አመጣችሁት ስላቸው መሬት መሬት ያያሉ። ሦስት መቶ ሰው፣ አንድም ያየ የለም፣ አንድም የሰማ የለም። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚለውን ተረት እዚያ ዳስ ውስጥ በቁሙ አየሁት።

ሰዓቱን ያገኘሁት ደሞዝ የሚባል ጎጃሜ አንጓ ላይ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው፤ ከሷሊህ ጎን ነበር የሚተኛው። እጁን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

«ይህ ሰዓት የማን ነው?»

«የሷሊህ ነው።»

«አንተ ዘንድ ምን ይሠራል?»

የሰዓቱን መስተዋት በአውራ ጣቱ አበሰ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ያየኛል ግን እኔን አያይም። ሁለተኛ ልጠይቀው ስል ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

ከኋላዬ ፈንቴ በእፎይታ ተነፈሰ። እንዲያ ያለ ደስታ በሰው ሞት ላይ አይቼ አላውቅም። «ፀረ አብዮተኛ ነው! አጨዳውን ለማሰናከል ሰርጎ የገባ ነው» አለና ወዲያው ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሄደ። ሲመለስ ሐሙስ ከጎንደር መኪና እንደሚመጣና ደሞዝን እንደሚወስድ ነገረኝ። በዚያ ዘመን እንዲያ ያለ ስም ተለጥፎበት እንዲያ ያለ መኪና የወሰደው ሰው ተመልሶ ትራሱን አይጠይቅም። ደሞዝም ይህን ያውቃል፤ ሲሰማው ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም።

ሷሊህን ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በትራክተር አፈር ገፍተው ቀበሩት። እኔ የእምነት ቃል በመጻፍ ተጠምጄ ነበር።

*

«በምን ገደልከው?» አልኩት ደሞዝን፣ ሸሕዲ ጣቢያችን ውስጥ።

«በዱላ።»

«የቱ ላይ መታኸው?»

«ራሱን።»

የዳበስኩት ራስ ምንም አልነበረበትም። «መቼ?»

«እሑድ ማታ።»

«ዱላው የት አለ?»

«ጣልኩት።»

«የት?»

«መቶ አለቃ፣ አመንኩ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

ብዙ ሰው ሲዋሽ ሰምቻለሁ፤ ግን ሁሉም የሚዋሹት ለመዳን ነው። ፈርም ስለው ሳያነበው ፈረመ። እራት ቢቀርብለት አልነካውም።

ማክሰኞ ማለዳ የእርሻውን የጭነት መኪና ሾፌር ሙሐመድጣሂርን መንገድ ላይ አስቆምኩት።

«ደሞዝ? እሑድ ከሰዓት ጆንያ ሊያወርድ ከእኔ ጋ ሸሕዲ ገባ» አለኝ። «ጎማ ፈነዳብን፣ እዚያው አደርን። ሰኞ ጠዋት ስንመለስ ሰዉ ሐፊሩ ዳር ተሰብስቦ ነበር።»

«ለአንድ አፍታ አልተለየህም?»

«አብረን ነው ጋቢናው ውስጥ የተኛን። ወላሂ፣ ሌሊቱን ሙሉ በክርኑ ሲጎስመኝ ነው ያደረ።»

ሷሊህን ደግሞ እሑድ በራት ሰዓት በሕይወቱ ያዩት ብዙ ናቸው። ስለዚህ ደሞዝ አልገደለም። ይህን ይዤ ፈንቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ሰውየው አምኗል፣ አንተ ትክዳለህ» አለኝ። «መርማሪ ነህ ጠበቃ?»

«ሌላ ገዳይ ካለስ?»

«እስከ ሐሙስ ካመጣህልኝ ሁለቱንም እንጭናለን።»

*

የእርሻው ድሬሰር ቢሻው ይባላል፤ መርፌ መውጋትና ኪኒን ማደል የሚያውቅ፣ ከዚያ በላይ ማወቅ የማይፈልግ ሰው። ሷሊህ ታሞ እንደነበር ጠየቅሁት።

«ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ ምግብ እንቢ አለኝ፣ ደረቴ ላይ ድንጋይ አለ ይላል። ወባ ነዋ። ኪኒን ሰጠሁት።»

«ትኩሳት ነበረው?»

«ትኩሳትስ አልነበረውም።»

«ታዲያ እንዴት ወባ ሆነ?»

«እዚህ አገር ሌላ ምን በሽታ አለ?» ትከሻውን ሰበቀ። «ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣ ‹መኖር ሰለቸኝ› ምናምን ብሏል። እንዲህ የሚለውን ሰው ዝም ነው ማለት። ከጠየቅኸው አንተው መሞትን ታስታውሰዋለህ።»

ይህን ያለኝ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው። እኔም ለጊዜው ከቃሉ ምንም አላነሳሁም፤ የምፈልገው ገዳይ ነበርና።

ስወጣ የበለሳው ሽማግሌ ከዳሱ ጀርባ ጠበቁኝ። ብርድ ልብሱን አጣጥፈው ይዘዋል።

«ልጄ፣ አልሰረቅሁም። ራሱ ነው የሰጠኝ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «‹አፉ ይበሉኝ አባቴ፣ ልሄድ ነው› አለኝ። አፉ ብያለሁ አልኩት።»

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«ልሄድ ነው አለ እኮ ነው የምልህ» አሉ፣ እንደ ደንቆሮ እያዩኝ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። በእኛ ቆላ፣ በዚያ ዘመን፣ ልሄድ ነው ማለት አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ድንበር ተሻግሬ ሱዳን ልገባ ነው ማለት ነው። የሚሄድ ሰው ብርድ ልብሱን ለሽማግሌ፣ ጫማውን ለባልንጀራ ይሰጣል፣ የበደላቸውን አፉ በሉኝ፣ ማሩኝ ይላል፣ ከዚያ ማለዳ መኝታው ባዶ ይገኛል። መኮብለል ወንጀል ነው፤ ሰምቶ አለመጠቆምም ወንጀል ነው። ስለዚህ ቃሉን የሰማ ሰው አይጠይቅም፣ አይደግምም፣ ለፖሊስም አይተነፍስም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም ማለት ለሚሄደው የሚደረግ ውለታ ነበር።

አሁን ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ሷሊህ ሊሻገር ነበር፤ አሻጋሪው ሐፊሩ ዳር ጠብቆ ዘርፎ ጣለው። በአሻጋሪነት ስሙ የሚነሳ ሰው ደግሞ አውቃለሁ።

*

ሐጅ ኸሊል መተማ ዮሐንስ ከድንበሩ ኬላ አጠገብ ሱቅ አላቸው፤ ሳሙና፣ ስኳር፣ የሱዳን ሽቶ። ጢማቸው የነጣ፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። እሑድ ማታ የት እንደነበሩ ጠየቅኋቸው።

«እናንተው ጋ» አሉኝ። «የኬላ ወታደሮች ስኳር አሳለፍክ ብለው እስከ ሰኞ ረፋድ አስቀምጠውኛል። ሂድና ጠይቃቸው። ስኳሩንም አስመልስልኝ።»

ጠየቅሁ፤ እውነት ነበር። ስኳሩ ግን አልተመለሰም።

«ሷሊህ አሻግሩኝ ብሎ አልመጣም?»

«መጥቷል፣ አሻግረኝ ግን አላለኝም። ባለፈው ሐሙስ ነው የመጣ። አንድ ሳሙና ገዛ። ከዚያ ቁጭ አለና፣ ‹ሐጅ፣ ሰው ሳይታጠብ፣ ሳይሰገድበት ቢቀበር አላህ ዘንድ ምን ይሆናል?› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

ሽማግሌው ሚዛናቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ። «ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ የሚጠይቅ መሰለኝ። አላወቅህም እንዴ? ከአገሩ የመጣ ሰው መርዶ አምጥቶለት ነበር። በረሃቡ ሚስቱም ሁለቱ ልጆቹም አልቀዋል፤ መንገድ ዳር ነው የቀበሯቸው። ‹እኔ እዚህ ሦስቴ እየበላሁ› እያለ ያለቅስ ነበር። ‹ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ አስተግፊሩላህ በል፣ ምሕረት ለምን፣ ሥራህን ሥራ› ብዬ ላክሁት።» ቀና አሉ። «ታጥቦ ነው የተቀበረው?»

ማስታወሻዬን ከድኜ ተነሳሁ።

ወደ ሸሕዲ ስመለስ አንድ ነገር ሲከነክነኝ መጣ። ሦስት መቶ ሰው ስለዚህ መርዶ ያውቃል፣ ፈንቴም ያውቃል፣ ድሬሰሩም ሳያውቅ አይቀርም። ሁለት ቀን ሙሉ ስጠይቅ ስለ ሰዓትና ስለ ጫማ እንጂ ስለዚህ የነገረኝ አንድ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁም። ሰውየው ምን ጠፋበት እንጂ ምን ደረሰበት ብዬ አልጠየቅሁም።

ጣቢያ ስገባ ዘበኛው የደሞዝን ምሳ እንዳለ መልሶ ሲያወጣ አገኘሁት።

*

ረቡዕ ረፋድ ላይ ወደ እርሻው ተመለስኩ፤ የቀረኝ አንድ ቀን ነው። ወጥ ቤቷን ወይዘሮ ባየሽን እስካሁን አላናገርኳትም ነበር። የጭልጋ ሴት ናት፣ ቁመተ ረጅም፣ ሽንኩርት የምትከትፈው ሰው የምትቀጣ መስላ ነው። ጎጆዋ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስገባ ጣሪያው ሣር ላይ የተሰካ ማጭድ አየሁ። ወጥ ቤት በማጭድ ምን ታደርጋለች?

«የማን ነው?»

«የሷሊህ።»

«ከየት አመጣሽው?»

ሽንኩርቱን ተወችው። «እሑድ ማታ ከራት በኋላ መጣ። ‹ባየሽ፣ አፉ በይኝ፣ ልሄድ ነው› አለኝ። ‹አፉ ብያለሁ፣ አላህ ይከተልህ› አልኩት። ማጭዱን ሰጠኝ። ስሎታል፤ ይንኩት እስቲ።»

ነካሁት። ለነገ አጨዳ የተሳለ ስለት ነበር።

«እኔ ቂል ደስ አለኝ» አለች። «ይሂድ ብዬ። እዚህ ከሚያልቅ ይሻገር ብዬ። ከወጣ በኋላ ነው እንጂ እጄ ላይ ያለውን ያየሁት።» ወደ ማጭዱ አመለከተች። «መቶ አለቃ፣ እርስዎ የአገሩ ሰው ነዎት። ሱዳን የሚሻገር ማጭዱን ለሰው ይሰጣል?»

አይሰጥም። ድንበር ማዶ ገዳሪፍም የሚታጨደው ያው ሰሊጥ ነው፣ ያው ማሽላ ነው። የሚሻገር ሰው ጫማውን ይተዋል፣ ብርድ ልብሱን ይተዋል፤ ማጭዱን ግን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው። እዚያ እንጀራው እሷ ናት። ማጭዱን የሰጠ ሰው ከእንግዲህ አላጭድም እያለ ነው።

ቁጭ አልኩ። የዘረፈው የለም፣ የገደለው የለም። ሸሚዙን በገዛው ሳሙና አጥቦ፣ ያለውን ለሰው አድሎ፣ የሚያውቀውን ሁሉ አፉ አስብሎ፣ ከሐጁ ዘንድ ስለ ራሱ ቀብር ጠይቆ፣ ራሱን አጠፋ። አንድ ሳምንት ሙሉ በየደጁ እየዞረ ልሞት ነው ሲለን፣ እኛ ሱዳን መስሎን በዝምታ ሸኘነው።

«ሲገባሽ ለምን አልጮህሽም?»

«ለማን?» አለችኝ። «ብናገር ኮብላይ ነው ብላችሁ ታስሩታላችሁ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። አድሮ ይለይለታል አልኩ። ደግሞ ሄጄ ‹ልትሞት ነው?› ብዬ ልጠይቀው? ይህ ከሰው አፍ ይወጣል?» በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች። «እናንተስ ዘንድ መጥቶላችሁ የለ?»

«የት?»

«ጣቢያ ነዋ። አገሬ ሄጄ መቃብራቸውን ልይ ብሎ ፈንቴን ፈቃድ ጠየቀ። ፈንቴ ማመልከቻው ላይ አጨዳ ሳያልቅ ንቅንቅ የለም ብሎ ጽፎ ፈረመበት፤ ወረቀቱ ይኸው፣ ከማጭዱ ጋር ትቶልኛል። ከዚያ ሸሕዲ ድረስ በእግሩ ሄዶ የይለፍ ወረቀት ለመነ። ‹ከእርሻህ ደብዳቤ አምጣ› ብላችሁ መለሳችሁት።»

የይለፍ ወረቀት ፈራሚው እኔ ነበርኩ። በዚያ ሳምንት አርባ ሰው መጥቶ ይሆናል፤ ለአርባውም ከወረቀቱ ቀና ሳልል ያንኑ ብያለሁ። የሷሊህን ፊት ላስታውስ ብዬ ስንት ቀን ታግያለሁ፤ አልመጣልኝም። ፈንቴን ስጠየፍ ከርሜ የራሴ ነገር የገማኝ ያኔ ነው።

*

ከሰዓት በኋላ ደሞዝ ያለበት ክፍል ገብቼ በሩን ክፍት ተውኩት። መሬት ተቀምጧል፤ እኔም ተቀመጥኩ።

«ሷሊህን ማንም አልገደለውም» አልኩት። «ራሱን ነው ያጠፋው።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅህ?»

«ሰኞ፣ ከመኪናው ስወርድ።» ድምፁ ከውስጥ የሚመጣ አይመስልም። «ሰዓቱን ቅዳሜ ነው የሰጠኝ። ልሄድ ነው አለኝ። እኔ ምን አልኩት? ‹ታዲያ ሂድ፣ ምን ትጠብቃለህ› አልኩት። ሱዳን መስሎኝ እኮ ነው። ሲያመነታ ገፋፋሁት። ለሁላችን አብሽር የሚል ሰው ነበር፣ ስታመም፣ ስከፋ፣ አብሽር ደሞዝ፣ አይዞህ ይለኛል። እሱን አብሽር ያለው የለም። እኔ ሂድ አልኩት።»

አሁን ውሸቱ ገባኝ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም፣ አልተኛም፣ ያልሠራውን ወንጀል ፈርሟል፣ ሐሙስን ይጠብቃል። ድሬሰሩ ጥርሱን እየጎረጎረ የነገረኝ ያ ምልክት ሁሉ እዚህ ፊቴ ተቀምጧል። ከጠየቅኸው ታስታውሰዋለህ የሚለው ቃልም ጆሮዬ ላይ አለ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ሽጉጥ የያዘ ሽፍታ ፊት ለፊት ቆሜ እንደዚያ አልፈራሁም። ብጠይቀውና ቢብስበትስ?

ሆኖም ሳንጠይቅ የሸኘነው አንድ ሰው አፈር ተጭኖታል። ጠየቅሁ።

«ደሞዝ፣ ለመሞት ብለህ ነው የፈረምክልኝ?»

ቀና አለ። ዓይኑ አሁን እኔን አየኝ።

«አዎ።»

«መኪናው ባይመጣስ? ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?»

«አዎ» አለና ፊቱን በጉልበቱ መካከል ቀብሮ አለቀሰ።

ወንድ ልጅ አያለቅስም አላልኩትም። ምክርም አልሰጠሁትም፤ የሚሰጥ ምክር አልነበረኝም። ዝም ብዬ ሰማሁት። ስለ ሷሊህ፣ ደብረ ኤልያስ ስላለች እናቱ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ስለሚታየው ሐፊር አወራኝ። ጥያቄዬ ምንም አላስታወሰውም። ሐሳቡ ቀድሞኝ እዚያ ተቀምጦ ነበር፤ ጥያቄዬ ያደረገው ነገር ቢኖር ብቻውን ከሐሳቡ ጋር የተቆለፈበትን ሰው በር መክፈት ነው። የበሩ ጥላ ግድግዳው ላይ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ሲሄድ አወራን። መጨረሻ ላይ ውሃ ስጡኝ አለ።

«መኪናው ይመጣል?» አለኝ ጠጥቶ ሲጨርስ።

«ይመጣል። አንተን ግን አይወስድም» አልኩት። እንዴት እንደማላስወስደው ገና አላውቅም ነበር።

*

ሐሙስ መኪናው ጣቢያችን መጣ፤ ፈንቴ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ። መዝገቡን ዘርግቼ አሳየሁት፤ የሙሐመድጣሂርን ምስክርነት፣ የባየሽን ቃል፣ የሽማግሌውን ቃል።

«ራሱን አጥፍቷል? በመንግሥት እርሻ ላይ ወዛደር ራሱን አያጠፋም» አለኝ።

«አጥፍቷል።»

«ታዲያ መኪናው ማንን ይዞ ይመለስ?»

እንዲህ ነው ያለኝ፣ ቃል በቃል። ከጎንደር ድረስ ነዳጅ ተቃጥሎ ባዶ መመለሱ አሳሰበው። የመዝገቡን የመጨረሻ ገጽ ገለጥኩለት።

«የምትፈልገውን ጫን» አልኩት። «ደሞዝ ከሄደ መዝገቡም አብሮት ይሄዳል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሷሊህ ፈቃድ የጠየቀበት ማመልከቻ አለ፤ ‹አይፈቀድም› የሚለው ያንተ ፊርማ ነው። የእኔም ስም አለበት፣ የይለፍ ወረቀት የከለከልኩት እኔ ነኝ። አብረን እንጠየቃለን።»

ፈንቴ ፊርማውን አየ። ከዚያ ሰውየው ሳቀ፤ እንደ ገበያ ሰው ሳቀ።

«በወባ ሞተ ብለን ብንዘጋውስ?»

ወባ። በዚያች አንዲት ቃል የሷሊህ መርዶ፣ ልመናው፣ በየደጁ መዞሩ ሁሉ ይሰረዛል፤ በሚቀጥለው ዓመት አጨዳ ሌላ ሷሊህ ደረቴ ላይ ድንጋይ አለ ሲል ኪኒን ይሰጡታል። ግን ደሞዝ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጧል፣ በሕይወቱ። ድሬሰሩ ቢሻው ወረቀቱን ጻፈ፣ ፈንቴ ማኅተም መታ፣ እኔም ፈረምኩ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ።

በወረቀት ያልጻፍኩትን በአፌ ልናገር ብዬ አርብ ዕለት ዳሱ ገባሁ። «ማንም ልሄድ ነው ካላችሁ፣ ወዴት ብላችሁ ጠይቁት» አልኳቸው። «ሱዳን ካለ፣ እኔ አልሰማሁም፣ እናንተም አልነገራችሁኝም። ወዴት እንደሚሄድ ካልነገራችሁ፣ እህል ከተወ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ያለውን ለሰው ከሰጠ፣ ልትሞት አስበሃል ወይ ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁት። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። ጣቢያም ይምጣ፤ አላስረውም።» አንድ በአንድ ማጭዳቸውን እያነሱ ወጡ። ፖሊስ ማን ያምናል? ሐጅ ኸሊል ግን ያን ቀን ከመተማ መጥተው ነበር፤ ቁጣቸው ሁሉ ጠፍቶ፣ መቃብሩ ላይ ቆመው ለሷሊህ ሰገዱለት። ፍርዱ የአላህ ነው አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ደሞዝን ለባየሽ ሰጠኋት።

«ብቻውን አይዋል፣ ብቻውን አይደር» አልኳት። «እናቱ ዘንድ ልኬያለሁ፣ አጎቱ መጥቶ ይወስደዋል።»

«ምን እያልኩ ላናግረው?»

«አላውቅም። እሱ ሲናገር ስሚው።»

«እስከ መቼ?»

«እሱንም አላውቅም፣ ባየሽ።»

ለአሥር ቀን በየማለዳው አንድ ወሬ ስጠብቅ ነበር፤ የትኛውን ወሬ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። በር በተንኳኳ ቁጥር ከወንበሬ እነሳለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን መጠበቁ ሲሰለቸኝ ራሴ ሄድኩ። ባየሽ ከጎጆዋ ደጅ ወገቧን ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ ቀልቷል።

«ይህን ባለጌ ከዚህ ይውሰዱልኝ» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ሰደበኝ እኮ። ባሚያ ወጥ ሠርቼ ባቀርብለት፣ ‹ይህ ምን ወጥ ነው፣ ጨው የለውም› ይለኛል። ሃያ ዓመት ወጥ ስሠራ እንዲህ ያለኝ የለም።»

ውስጥ ደሞዝ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አፉ ሞልቶ፣ እንዳኮረፈ ይበላል። ሲያየኝ ቦታ ለቀቀልኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ከሳህኑ ጠቅልዬ ጎረስኩ። ባየሽ በሩ ላይ ቆማ ፍርዴን ትጠብቃለች።

ልጁ እውነቱን ነው፤ ወጡ ጨው አንሶት ነበር።